ሊኑክስን ለሚጀምር ተማሪ የትኛው መጽሐፍ ይሻላል? የሦስት መጻሕፍት ምርመራ

ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነውን የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና፥ ማለት ሊኑክስን፥ ለመማር የተነሣ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ መላሹ ራሱ የወደደውን መጽሐፍ የሚያመለክት እንጂ የጠያቂውን ሁኔታ የመረመረ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ በስም የታወቁ ሦስት መጻሕፍትን እንመዝናለን፤ ሚዛኑም ጀማሪው ነው። ጀማሪው በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር ቦታ ሰጥተነዋል፤ ይኸውም በአዊ ዞን በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ በምትገኘው በግምጃ ቤት ከተማ የሚኖር፥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ፥ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት እንጂ በቤቱ የማይናገር፥ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከጓደኞቹ ጋር የሚጋራ ወጣት ነው እንበል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለውን ጀማሪ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 የጀመረው ከርነል፥ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካወጀው ከግኑ ሥራ ጋር ተጋጥሞ፥ ማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚወስደው፥ የሚመረምረው፥ የሚያሻሽለውና ለሌላው የሚያካፍለው ሥርዓት ሆኗል። የፕሮግራም ፈቃድ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ከዚህ የበለጠ ጥቅም የሚያገኝበት ነገር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ያለ ዋጋ የተገኘ ነገር ሁሉ ያለ ድካም አይያዝም። መምህር በአጠገቡ ለሌለው ሰው መምህሩ መጽሐፉ ነው፤ መጽሐፉም ያልተስማማው እንደ ሆነ ተማሪው ጥፋቱን በመጽሐፉ ላይ ሳይሆን በራሱ አእምሮ ላይ ያደርጋል፤ «ይህ ለእኔ የተሰጠ አይደለም» ብሎም ይተወዋል። በመጽሐፍ ምርጫ ላይ የተንጠለጠለው ጉዳይ ይህ ስለ ሆነ እንደ ትርፍ ነገር ሊታይ አይገባም።

መመዘኛዎቻችን አራት ናቸው። አንደኛው፥ መጽሐፉ ትምህርቱን ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ የኢንተርኔት መስመር በሌለ ጊዜ ሊሠራበት ይቻላል ወይ የሚለው ነው፤ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ የምናስታውስ ሁሉ ይህን መመዘኛ እንደ ቅንጦት አንቈጥረውም። ሦስተኛው፥ በመጽሐፉ የተጻፈው ትምህርት ቶሎ ያረጃል ወይስ ይቈያል የሚለው ነው። አራተኛውና በእንዲህ ያለ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፥ መጽሐፉን ወደ ቋንቋችን ለመመለስ ሕጉ ይፈቅድልናል ወይ የሚለው ነው።

በሦስተኛው መመዘኛ ብቻ አንድ ትልቅ የመጻሕፍት ወገን ከምርመራችን ይወጣል። ይኸውም የመስኮቶችንና የምልክቶችን ሥዕል በየገጹ እያሳየ «እዚህ ላይ ይጫኑ» የሚለው ነው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በጥቅምት 2004 ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣ ወዲህ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ሲወጣለት ኖሯል። መጽሐፉ ታትሞ፥ ተሽጦ፥ በሰው እጅ ተላልፎ ግምጃ ቤት እስኪደርስ ድረስ ሥዕሉ ከኮምፒዩተሩ ገጽ ጋር አይመሳሰልም፤ ጀማሪውም የሚፈልገውን ምልክት አጥቶ ግራ ይጋባል። በጽሑፍ የሚሰጡት ትእዛዞች ግን፥ አብዛኞቹ በ1969 ከተጀመረው ከዩኒክስ የተወረሱ ስለ ሆኑ፥ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የተለወጡት እጅግ ጥቂት ነው።

ከቀሩት መጻሕፍት መካከል አስቀድመን የምንመለከተው የብራያን ዋርድን «ሃው ሊኑክስ ወርክስ» ነው፤ ስሙ «ሊኑክስ እንዴት እንደሚሠራ» ማለት ነው። በ2004 ታትሞ በ2014 እና በ2021 ታድሷል። ደራሲው በመጀመሪያው ምዕራፍ ሥርዓቱን በሦስት ደረጃ ከፍሎ፥ ከታች የማሽኑን አካል፥ በመካከል ከርነሉን፥ ከላይ ደግሞ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ያሳያል። ከዚያም ዲስኩ እንዴት እንደሚከፋፈል፥ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከርነሉ እንዴት እንደሚነሣ በተራ ይተርካል። አገላለጹ ንጹሕ ነው፤ ነገሩ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን የሚመልስ በመሆኑም ከብዙዎቹ ይበልጣል። ነገር ግን መሠረታዊዎቹን ትእዛዞች በአንድ ምዕራፍ ሰብስቦ በፍጥነት ያልፋቸዋል። በአብነት ትምህርት ቤት ሥርዓት ብንመስለው ይህ መጽሐፍ የትርጓሜ ቤት ነው። ፊደል ለይቶ፥ ግዕዝ ንባብን፥ ውርድ ንባብንና ቁም ንባብን ያልተወጣ ልጅ ትርጓሜ ቤት አይገባም፤ ቢገባም የመምህሩን ቃል ይሰማል እንጂ ከመጽሐፉ ጋር ማስተያየት አይሆንለትም።

ሁለተኛው የራፋኤል ኸርትዞግና የሮላን ማስ «ዘ ዴቢያን አድሚኒስትሬተርስ ሃንድቡክ» ነው፤ የዴቢያን አስተዳዳሪ መመሪያ እንለዋለን። መጀመሪያ በ2004 በፈረንሳይኛ የታተመ ሲሆን፥ በ2012 በብዙ ሰዎች መዋጮ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ለሁሉ ነጻ ሆነ። በሁለተኛው መመዘኛ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም መጽሐፉ ራሱ እንደ ሌሎቹ ፕሮግራሞች በዴቢያን ውስጥ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። የዴቢያን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚቀመጡበትን ማከማቻ፥ ማለት በእኛ ቋንቋ «ግምጃ ቤት» ብንለው የሚስማማውን፥ በዲቪዲ ቀድቶ መጠቀምም ስለሚቻል፥ ይህን የሚያስረዳው ክፍል ለስም ተጋሪዋ ከተማችን ትልቅ ጥቅም አለው። ሥርዓቱን በኮምፒዩተር ላይ የመጫኑም ነገር በአራተኛው ምዕራፍ በዝርዝር ተጽፏል።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ የተጻፈው ለማን ነው ብለን ብንጠይቅ ጉድለቱ ይገለጣል። ሁለተኛው ምዕራፍ በሳንት ኤቲየንና በሞንፐሊዬ ከተሞች ሥራ ያለውን ፋልኮት የሚባል ምናባዊ ኩባንያ ያስተዋውቃል፤ አንባቢውም የዚህ ኩባንያ የኮምፒዩተር ኃላፊ ሆኖ እንዲያስብ ይጠየቃል። ለብዙ ሠራተኞች የፖስታ አገልግሎት ማዘጋጀት ለሚያስፈልገው ሰው ይህ መልካም ነው፤ አንዲት ደብዳቤ ጽፎ ማስቀመጥ ለሚፈልገው ጀማሪ ግን የሰው ቤት ሐሳብ ነው። ከዚህም የሚብሰው፥ ፋይል እንዴት እንደሚገለበጥና ከአንዱ ማኅደር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚኬድ የሚያስረዳው ትምህርት በመጽሐፉ መጨረሻ በአባሪነት ተጥሎ፥ «አጭር የማካካሻ ትምህርት» የሚል ርእስ ተሰጥቶታል። ለእኛ ጀማሪ በር የሆነው ነገር በዚያ መጽሐፍ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል።

ሦስተኛው የዊልያም ሾትስ «ዘ ሊኑክስ ኮማንድ ላይን» ነው፤ «የሊኑክስ የትእዛዝ መስመር» ማለት ነው። በ2012 ታትሞ በ2019 ታድሷል፤ በኮምፒዩተር የሚነበበው ቅጂ ያለ ክፍያ ስለሚገኝ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ ይችላል። መጽሐፉ በአራት ክፍል ተከፍሎ፥ ከመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች ተነሥቶ ተማሪው የራሱን ፕሮግራም እስከሚጽፍበት ድረስ ያደርሰዋል። ሾትስ አንባቢው ምንም እንደማያውቅ ያምናል፤ ነገር ግን አያቃልለውም። ለምሳሌ ፋይል የሚያጠፋውን ትእዛዝ ሲያስተምር፥ የጠፋው እንደማይመለስ አስጠንቅቆ፥ ብዙ ፋይሎችን በአንድ ምልክት ከማጥፋት በፊት ያንኑ ምልክት ስም በሚዘረዝረው ትእዛዝ መሞከር እንደሚገባ ይመክራል። ይህን የመሰለው ምክር ከልምድ እንጂ ከትእዛዞች ዝርዝር አይገኝም። እንደዚሁም ገና በአምስተኛው ምዕራፍ «ማን» የሚባለውን ትእዛዝ ያስተዋውቃል። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ የጥያቄ ቃል ቢመስልም ማኑዋል ከሚለው ቃል ያጠረ ነው፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠውን መመሪያ የሚከፍት ስለ ሆነም፥ ተማሪው መስመር በተቋረጠበት ቀን እንኳ መምህር እንዳያጣ ያደርገዋል።

ጉድለት የለውም ግን አንልም። ሥርዓቱን በኮምፒዩተር ላይ እንዴት መጫን እንደሚቻል አያስተምርም፤ አንባቢው አስቀድሞ የተጫነ ኮምፒዩተር ወይም ከፍላሽ የሚነሣ ሊኑክስ እንዲኖረው ይጠይቃል። ርዝመቱም በተማረው እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው የወራት ሥራ ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ደግሞ ቀንና ሰዓት የሚነግረውንና የወሩን ሰሌዳ የሚያወጣውን ትእዛዝ ያስሞክራል፤ የግምጃ ቤቱ ልጅ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ቢሞክረው ዘጠኝ ሰዓት የሚል መልስ ያገኛል፤ ቀኑም የኤውሮጳ ቀን ነው። ኮምፒዩተሩን በአማርኛ እንዲናገር ብናደርገው የወሩን ስም በፊደላችን ይጽፈዋል እንጂ መስከረምን አያመጣም። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ይህን የሚነግረው ሰው የሌለው ጀማሪ ከመጀመሪያው ገጽ ሊደናገር ይችላል።

ፊደልን በሚመለከት ሦስቱም መጻሕፍት ለእኛ አልተጻፉም። የዴቢያኑ መመሪያ ኮምፒዩተሩን ለልዩ ልዩ ቋንቋ ስለማዘጋጀት የሚናገር ክፍል አለው፤ ይህም ያስመሰግነዋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከገባ ወዲህ ሊኑክስ ፊደላችንን የሚያሳይበትም የሚጽፍበትም መንገድ አለው። የዴቢያን መጫኛም አማርኛን ከሚያቀርባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። እንግዲህ መሣሪያው አለ፤ የጐደለው የሚያስረዳው ገጽ ነው።

ይህም ወደ አራተኛው መመዘኛ ያደርሰናል። የሾትስ መጽሐፍ ያለ ንግድ ሊባዛና ሊታደል ተፈቅዷል፤ ነገር ግን ፈቃዱ ለውጦ ማሠራጨትን ስለሚከለክል፥ ትርጕምም እንደ ለውጥ ስለሚቈጠር፥ የደራሲውን ስምምነት ሳያገኙ በአማርኛ ወይም በአዊኛ አውጥቶ ማሠራጨት አይቻልም። የዴቢያኑ መመሪያ ግን፥ የደራሲዎቹ ስም እስከ ተጠቀሰና ትርጕሙም በዚያው ነጻ ፈቃድ እስከ ወጣ ድረስ፥ ማንም እንዲተረጕመው ተፈቅዷል። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሻለው መጽሐፍ ለመተርጐም የተዘጋ፥ ለመተርጐም የተከፈተው ደግሞ ለጀማሪ የከበደ ሆኖ እናገኘዋለን።

ፍርዳችንም እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ ለማንበብ የሚችል ጀማሪ ከሾትስ ይጀምር፤ የመጀመሪያውን ክፍል በተራ፥ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ እየሞከረ ይፈጽም። ለመጫኑ ሥራ የዴቢያኑን መመሪያ አራተኛ ምዕራፍ ይያዝ። ዋርድን ከዚያ በኋላ፥ «ይህ የምሠራበት ነገር በውስጡ ምንድር ነው?» ብሎ ራሱን በጠየቀ ጊዜ ያንብበው፤ ያን ጊዜ ይጣፍጠዋል።

ይህ ግን ለግለሰቡ የሚበቃ እንጂ ለሕዝቡ የሚበቃ መልስ አይደለም። በእንጅባራም ሆነ በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ያለን ተማሪዎችና መምህራን ልናደርገው የምንችለው አንድ ቍርጥ ያለ ሥራ አለ። በዴቢያኑ መመሪያ መጨረሻ የተጣለው ያ «የማካካሻ ትምህርት» አጭር ነው፤ ፈቃዱም ክፍት ነው። እርሱን ወደ አማርኛ፥ ቀጥሎም በአዊ ዞን ትምህርት ቤቶች ወደሚሰጠው ወደ አዊኛ መመለስ፥ ስለ ቀን አቈጣጠራችንና ስለ ፊደል አጻጻፍ ሁለት ገጽ መጨመር፥ አንድ ክፍል ተማሪዎች በአንድ መንፈቀ ዓመት ሊፈጽሙት የሚችሉት ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ «ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?» ለሚለን ሰው የምንሰጠው መልስ የሌላ አገር መጽሐፍ ስም ብቻ ሆኖ ይኖራል።