ስንጥር የሌለበት ወንበር

በአዊ ዞን ኮሶበር ከተማ ላይ፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ዳር ከሚደረደሩት የቀርከሃ ወንበሮች አንዱን ሊገዛ የቆመ ሰው ቁጭ ብሎ ይሞክረዋል፣ መደገፊያውን ገፋ ገፋ ያደርገዋል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። የሥራውን ልክ ማወቅ የሚፈልግ ግን ወንበሩን ገልብጦ ቢያየው ይሻላል። ፊቱን ማንም ያሳምረዋል። ከሥሩ የአንጓው እብጠት ተፍቆ ከአገዳው ጋር ተስተካክሏል ወይስ እንደ ነገሩ ተትቷል? የማሰሪያው ጫፍ ወደ ውስጥ ተቀብሯል ወይስ ተቆርጦ ብቻ ቀርቷል? የተሰነጠቀው ቀርከሃ ጠርዝ ተልጓል ወይስ እንደ ምላጭ ቆሟል? ጥሩ እጅ የሚለየው እንግዳ በማያየው ቦታ ላይ ባጠፋው ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ ሳይገለብጥ የሚያውቅ ገምጋሚ አለ። እኛ ለብሰን ወዲያው የምንረሳውን የሸሚዝ ስፌት ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ልጅ ነው። የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ ፀጉሩ ሲስተካከል ወይም ጥፍሩ ሲቆረጥ ይታገላል፤ የሚጎረብጥ ምግብ አፉ ውስጥ ማቆየት አይችልም። ተቃራኒውም አለ። ለሰውነቱ የሚደርሰው ስሜት የሚያንሰው ልጅ ይዘላል፣ ግድግዳ ይገፋል፣ ሰው ላይ ይወድቃል፣ ጠባብ ቦታ ፈልጎ ይወሸቃል። ሁለቱ ጠባይ በአንድ ልጅ ላይ የሚገናኝበት ጊዜም ብዙ ነው፤ ቀለል ያለ ዳሰሳ የሚያስደነግጠው ልጅ ጥብቅ አድርገው ሲያቅፉት ጸጥ ይላል። ጎረቤት ቅብጠት ይለዋል፣ ትምህርት ቤት ረብሻ ይለዋል።

አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን በራሱ እንዲያከናውን የሚረዳ ሕክምና) ባለሙያ ጂን ኤይርስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ ነገሩን ከጠባይ አውጥታ ወደ አንጎል ወሰደችው፤ ከቆዳ፣ ከጆሮ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው መልእክት በወጉ ሳይደራጅ ሲቀር ልጁ ይቸገራል አለች። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላበቃም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ለችግሩ ራሱን የቻለ የበሽታ ስም መስጠትን አልደገፈም፤ በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ የስሜት ሕዋሳትን ያልተለመደ ምላሽ ከኦቲዝም መለያ ምልክቶች ጋር ቆጠረው። ሐኪሞቹ ስሙን እስኪጨርሱት ድረስ ልጁ የሚቀመጥበት ነገር ይፈልጋል።

በአገራችን የኦቲዝምን ጉዳይ ከጓዳ ወደ አደባባይ ካወጡት ሰዎች ግንባር ቀደሟ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ከኦቲዝም ጋር የሚኖር ልጅ እናት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2021 አረፉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ኦኩፔሽናል ቴራፒን ማስተማር ጀምሯል። ሆኖም አዲስ አበባ ከኮሶበር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ጎንደርም ቅርብ አይደለም። ስለዚህ በየቀኑ ለልጁ የሚደርስለት የእናቱ እጅ፣ የአስተማሪው እጅ፣ እንዲሁም ማንም ከሕክምና ጋር የማይቆጥረው የቀርከሃ ሠሪው እጅ ነው።

ወደ ወንበሩ እንመለስ። የደጋ ቀርከሃ በክረምት ከመሬት ብቅ ካለ በወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይይዛል፤ ለዕቃ የሚበቃው ግን ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ለጋው ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ ወንበሩም ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ሲጥ ይላል። ለአብዛኞቻችን ይህ ድምፅ ምንም ነው። ድምፅ ለሚጎላበት ልጅ ግን በትምህርት ሰዓት ከአስተማሪው ቃል እኩል የሚሰማ ነገር ነው። በሚስማር የተያያዘ ቀርከሃ ደግሞ ብዙ አይቆይም፤ ሚስማሩ አገዳውን ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ከስንጥቁ ስንጥር ይወጣል። እርጥብ ሆኖ የታሰረ ጠፍር ግን ሲደርቅ ይኮማተርና መገጣጠሚያውን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ጥሩን መገጣጠሚያ በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም መፈተን ይቻላል፤ ተቀምጠው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዛወዙበት ዝም የሚል ወንበር የጥሩ ሠሪ ነው።

የቀርከሃ ጥንካሬ ያለው ከቅርፊቱ አጠገብ ነው፤ ጭረቱ እዚያ ጥቅጥቅ ይላል፣ ወደ ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። የሚያውቅ ሠሪ ለመቀመጫ ሲሰነጥቀው ለስላሳውን የውስጥ ክፍል ልጎ ያወጣና የቅርፊቱን ወገን ወደ ተቀማጩ ያዞረዋል። እንዲህ የተሠራ መቀመጫ ሰው ሲያርፍበት ትንሽ ይሰጣል፣ ሲነሱ ይመለሳል። መቁነጥነጥ ለሚያበዛ ልጅ ይህች ትንሽ እሺታ ትልቅ ነገር ናት፤ ሳይነሳ ይነቃነቃል፤ ከመነሳት የምታስቀረው እሷ ናት። ውጭ አገር ለዚሁ ሥራ በአየር የሚነፋ የፕላስቲክ መቀመጫ ይሸጣሉ። ኮሶበር ያለ አየር ያገኘችው ይመስለኛል።

ማጠፊያው ላይ ደግሞ እሳት አለ። አገዳው ነበልባል ላይ ለብለብ ሲደረግ ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል፣ ላዩ ላይ ያለው ጥቃቅን ጭረትም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ አንጓውን መፋቅ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ሠሪውን የሚያስተውል ሰው ቢላዋው ሳይሆን አውራ ጣቱ ላይ ዓይኑን ይጣል፤ ጥሩ ሠሪ ፍቆ ይዳስሳል፣ ዳስሶ ይፍቃል፣ ሥራው ማለቁን የሚነግረው ጣቱ ነው። መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ የሚቀባ ሁሉ ሥራውን አሳመረ ማለት ግን አይደለም። አዲስ ቫርኒሽ ሽታው ለቀናት አይለቅም፤ ሽታ የሚከብደው ልጅ በወንበሩ አጠገብም አያልፍም። በእኔ ግምት በደንብ የተፋቀ ቀርከሃ ቫርኒሽ አያስፈልገውም፤ ያልተፋቀን አንጓ ደግሞ ቫርኒሽ አያለሰልሰውም።

ከወንበሩ ቀጥሎ የማደንቀው የእጅ ሥራ ጋቢ ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ አራት እጥፍ፣ አንገት የሚበላ የፋብሪካ ምልክት የሌለበት፣ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ። ለሚረበሽ ልጅ በዓለም ዙሪያ ከሚሸጡት ከባድ ብርድ ልብሶች ጋር የሚጋራው ክብደትና ሙቀት አለው። በብርድ ልብሶቹ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እንቅልፍ በክብደቱ ምክንያት እንዳልተሻሻለ አሳይቷል፤ ልጆቹና ወላጆቻቸው ግን ከተራው ይልቅ ከባዱን ወደዱት። ከዚህ የምረዳው ጋቢ መድኃኒት እንዳልሆነ፣ ምቾት ግን መሆኑን ነው። ልጁ በራሱ ሊገፈው የሚችል መሆን አለበት፤ ፊቱ አይሸፈንም፤ ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ ከባድ ነገር አይደረብም።

በራሱ መግፈፉ ቀላል ነጥብ አይደለም። ኦቲዝም ያለባት የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ቴምፕል ግራንዲን በወጣትነቷ፣ አክስቷ እርሻ ላይ ከብቶች ሲከተቡ ጎንና ጎናቸውን የሚይዘውን ማጠሪያ አይታ ለራሷ ሰውነት የሚያቅፍ ማሽን ሠራች። የማሽኑ ብልኃት ግፊቱን የምታጠብቀውም የምታላላውም ራሷ መሆኗ ነበር። ሳይጠየቅ የታቀፈ ልጅና ራሱ መጥቶ የተጠጋ ልጅ አንድ ዓይነት እቅፍ አላገኙም። ባዶውን ትልቅ የቀርከሃ ቅርጫት ጥጉ ላይ ትቶለት፣ ሲፈልግ ገብቶ ሲፈልግ የሚወጣበትን ቦታ ያዘጋጀለት ቤት ነገሩ ገብቶታል።

ኮሶበር በቀርከሃው ብቻ አይደለም የምትታወቀው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር ከተማዋ በፈረስና በሰው ትሞላለች። ድምፅ የሚጎላበት ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን ከበዓሉ መቅረት የለበትም፤ ማለዳ ሰው ሳይበዛ መሄድ፣ ዳር መቆም፣ የሚመጣውን ድምፅ አስቀድሞ መንገር፣ ጋቢውን ይዞ መውጣት፣ ልጁ «በቃኝ» የሚልበትን ምልክት አስቀድሞ መስማማት፣ ምልክቱን ሲያሳይም ሳይከራከሩ መመለስ ነው።

ወንበር የሚያሠራ ወላጅም ልጁን ይዞ ይሂድ። ቁመቱ የልጁ እግር መሬት በደንብ እስኪረግጥ ዝቅ ይበል፤ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ሰውነቱን ለማስተካከል ሲታገል ጨዋታውም ትምህርቱም ያመልጠዋል። ሥራው አለቀ ሲባል ልጁ በራሱ ጊዜ ይዳስሰው፣ ማንም እጁን ይዞ አያስነካው። እጁን የሰበሰበበትን ቦታ በከሰል ምልክት ማድረግ ነው፤ አዊ ውስጥ ከሰል አይታጣም። ሠሪው ያንን ቦታ እንደገና ይፋቀው። ዋጋ መከራከሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ሁለት ጊዜ ለተፋቀ አንጓ ሠሪው ጨመር ቢያደርግ ደግሞ መብቱ ነው።