ጥሩ ካምሻፍት በምን ይታወቃል?

የስፖርት ኤቲቪ ባለቤት ሞተሩን ማጎልበት ሲያምረው፣ ከማርሚታ ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፈው ካምሻፍት ላይ ነው። ሻጩን የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ስንት የፈረስ ጉልበት ይጨምርልኛል?» ይህ ጥያቄ ገዢን ያሳስታል። ካምሻፍት የሚወስነው ቫልቮቹ መቼ እንደሚከፈቱ፣ ምን ያህል እንደሚከፈቱና መቼ እንደሚዘጉ ነው። በከፍተኛ ዙር የሚሰጠውን አብዛኛውን ጊዜ ከዝቅተኛው ዙር ላይ ይወስዳል። ዕቃ የሚያውቅ ሰው «ጉልበቱን ከየት ወስዶ የት ያስቀምጠዋል?» ብሎ ይጠይቃል።

ለምሳሌ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ2006 ሞዴል ያወጣውን ራፕተር 700 እንውሰድ። 686 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ አራት ቫልቭና በቴስታው ላይ የተቀመጠ አንድ ካምሻፍት አለው። የሲሊንደሩ ስፋት 102 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ ርዝመት 84 ሚሊ ሜትር ነው። ትልቅ ነጠላ ሲሊንደር በመሆኑ ውበቱ ከታች ጀምሮ በሚሰጠው ጉልበት ላይ ነው። በካሊፎርኒያ የግላሚስ አሸዋ ወይም በሻርጃ አል ባዳየር ክምር ላይ ጋዙን ይዞ የሚወጣ ነጂ ከፍ ያለ ዙር የሚወድ ካም ቢመርጥ ያተርፋል። በጠባብ የጫካ መንገድ፣ በድንጋይና በጭቃ የሚነዳ ሰው ግን ያንኑ ካም ቢያስገባ ከእያንዳንዱ ኩርባ ሲወጣ ማርሽ እየቀነሰ ይቸገራል። ካሙ አልተበላሸም፤ ቦታው አይደለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የአየር መሳቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ሲዘጋ፣ ሞተሩ በፍጥነት በሚዞርበት ጊዜ የሚገባው አየር የራሱ ግፊት ስላለው ፒስተኑ መውጣት ከጀመረ በኋላም ሲሊንደሩን መሙላቱን ይቀጥላል። በዝቅተኛ ዙር ግን ያ ግፊት የለም፤ ፒስተኑ የገባውን ድብልቅ መልሶ ወደ መሳቢያው ይገፋዋል። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ የሚነዳ ሰው ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ይህን ጉድለት ይበልጥ ይሰማዋል።

የሙያተኛ ሥራ መጀመሪያ የሚለየው ከካሙ ጋር በሚመጣው ወረቀት ነው። ጥሩ አምራች የቫልቭ መክፈቻና መዝጊያ ነጥቦችን በዲግሪ፣ የቫልቭ ከፍታን፣ የሚፈለገውን የቫልቭ ክፍተትና መለኪያው የተወሰደበትን ከፍታ አንድ በአንድ ይጽፋል። የመጨረሻው ነጥብ ብዙዎች የሚያልፉት ነው። ቫልቩ ተከፍቶ የሚቆይበት ዲግሪ፣ ማለትም ቆይታው፣ ቫልቩ ገና ሲነሳ ከተለካና 1 ሚሊ ሜትር ወይም 1.27 ሚሊ ሜትር ከተነሳ በኋላ ከተለካ፣ በአንዱ ካም ላይ ብቻ ከ30 ዲግሪ በላይ ሊለያይ ይችላል። ከፍታውም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ቫልቩን የሚገፋውን የካሙን ጉብታ ቁመት ሲጽፍ ሌላው በሮከር ተባዝቶ ቫልቩ ላይ የሚደርሰውን ይጽፋል። በአንድ መለኪያ ያልተለኩ ሁለት ካሞችን ማወዳደር ከንቱ ነው። «ስቴጅ 1»፣ «ስቴጅ 2» የሚሉት ስሞችም የአንዱ ፋብሪካ ከሌላው ጋር አይገናኝም፤ ሁሉም በራሱ ልክ ነው የሚሰይመው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ብረቱን ይመልከቱ። ካሙን ብርሃን ላይ ይዘው ቀስ እያሉ ያዙሩት። በጉብታው ላይ የሚንሸራተተው የብርሃን መስመር ሳይቆራረጥና ሳይሞገድ መሄድ አለበት፤ ሞገድ ካለ መሞረጃው ሲሠራ ይንቀጠቀጥ ነበር ማለት ነው። በዘይት ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ጥፍርዎን ያሳልፉ፤ የሚይዝ ስንጥር መኖር የለበትም። ከአሮጌ ካም እንደገና የተሞረደ ከሆነ ክብ ክፍሉ ስለሚያንስ የቫልቭ ክፍተቱ ማስተካከያ ይበቃው እንደሆነ፣ ከሞረዱትም በኋላ ጥንካሬው ተለክቶ እንደሆነ ይጠይቁ። በብየዳ ከተገነባ ጉብታ ላይ የምንፈልገው ቀዳዳ የሌለው፣ አንድ ወጥ ገጽ ነው።

በዓይን የማይታየው ትልቁ ጥበብ የመዝጊያው ተዳፋት ነው። በደቂቃ 8,000 ዙር ላይ እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ ከ66 ጊዜ በላይ ይከፈታል። ጥሩ ካም ቫልቩን እንደ ጨዋ እንግዳ በሩን ይዞ ይዘጋዋል፤ መጥፎው ወርውሮ ይለቀዋል። ወርዋሪው መጀመሪያ ላይ ፈጣን ሊመስል ይችላል፤ ቆይቶ ግን መቀመጫውን ይበላል፣ ሞላውንም ያደክማል። ከፍታው ሲጨምር የሞላው ጥምዝ ሙሉ በሙሉ ከመገጣጠሙ በፊት ቦታ መቅረቱም መለካት አለበት። በፒስተንና በቫልቭ መካከል ያለው ክፍተት በፕላስቲን ይፈተሻል፤ በተለይ በጭስ ማስወጫው በኩል ጥንቃቄ ያሻል፣ ምክንያቱም ፒስተኑ የሚዘጋውን ቫልቭ እየተከተለ ነው የሚወጣው። በካሙ ላይ ያለው የመጭመቂያ ማቅለያ ዘዴም በነፃ መንቀሳቀሱን ይዩ፤ እሱ ከተያዘ ማስነሻ ሞተሩ ትልቁን ሲሊንደር ለማዞር ይቸገራል።

መግጠሙም የሥራው ግማሽ ነው። ጥሩ መካኒክ የማርሹን ምልክት ከቴስታው ጋር አገጣጥሞ ብቻ አይተወውም፤ በክራንክሻፍቱ ላይ የዲግሪ ሰሌዳ አስሮ፣ ሰዓት በሚመስል ባለ መርፌ መለኪያ ቫልቩን እየተከታተለ ውጤቱን ከወረቀቱ ጋር ያስተያያል። ሥራውን በሚከታተሉበት ጊዜ ይህን መሣሪያ ካላዩ ለምን እንደሌለ ይጠይቁ። በነዳጅ መርጫ የሚሠራ ሞተር ከሆነ የነዳጅ መጠኑ እንደገና መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ድብልቁ ይደኸይና ሞተሩ ይግላል። የመጀመሪያ ደቂቃዎች ላይ ጉብታውና በላዩ የሚሄደው ሮከር እንዳይፋጩ የመገጣጠሚያ ቅባት አይረሳም።

ውጤቱ ሲፈተን ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ አይመልከቱ። የሞተር ጉልበት በሚለካው ዳይኖ ወረቀት ላይ የአሮጌውንና የአዲሱን ካም መስመሮች አንድ ላይ አድርገው፣ እርስዎ ብዙ ጊዜ በሚነዱበት የዙር ክልል የትኛው ከላይ እንደሆነ ይዩ። ለአብዛኛው ነጂ መጠነኛ ከፍታና መጠነኛ ቆይታ ያለው፣ ከፋብሪካው ሞላ ጋር የሚስማማ ካም ከትልቁ ይበልጣል። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ግን መጀመሪያ ጭስ ማስወጫውንና አየር ማጣሪያውን ያስተካክሉ፤ ሞተሩ በደንብ ሳይተነፍስ ካም ብቻውን የሚሠራው ጥቂት ነው።