ክምችት ወይስ ቤተ መጻሕፍት?

መጻሕፍት በመኖሪያ ቤት ውስጥ ስለሚይዙት ሥፍራ መናገር በመጀመሪያ እይታ የዕቃ አቀማመጥ ጉዳይ ይመስላል። ነገሩ ግን ከዚህ ይጠልቃል። አንድ መምህር ወይም ከያኒ ከደመወዙ እየቆነጠረ በብዙ ዓመት ያጠራቀማቸውን መጻሕፍት በጠባብ ቤት ውስጥ የሚያኖርበት ሁኔታ፣ ለመጽሐፍ ያለውን አመለካከት በተጨባጭ ያሳያል። በካርቶን ታሽጎ ከአልጋ ሥር የተገፋ መጽሐፍ ተገዝቷል ይባል እንደሆነ እንጂ ይነበባል ለማለት አይቻልም። ስለዚህ መነሣት ያለበት ጥያቄ፣ በየቤታችን ያለው ክምችት ነው ወይስ ቤተ መጻሕፍት? የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ አንድ ጥሩ ማስረጃ ከመድረክ እናገኛለን። በ1904 እ.ኤ.አ. በሞስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው «የቼሪው አትክልት ሥፍራ» በተሰኘው የአንቶን ቼኾቭ ተውኔት፣ ጋየቭ የተባለው ባላባት መቶ ዓመት ለሞላው የመጻሕፍት ቁም ሣጥን እንባ እየተናነቀው ንግግር ያደርግለታል። በዚያው ገቢር ሣጥኑ በቁልፍ ሲከፈት ግን የሚወጣው መጽሐፍ ሳይሆን ከፓሪስ የተላኩ ቴሌግራሞች ናቸው። ደራሲው ሰፊ ርስትና ሰፊ ቤት ባላቸው በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ሣጥኑ የክብር ሐውልት እንጂ የንባብ መሣሪያ አለመሆኑን ያለ አንዳች ስብከት አሳይቷል። የቤት ስፋት ለመጽሐፍ ዋስትና አይደለም ማለት ነው።

ጥበቱም ቢሆን ምክንያት አይሆንም። ሮበርት ከርዘን የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1849 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ በግብፅ በረሃ ገዳም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መጻሕፍታቸውን በቆዳ ማኅደር ከትተው በግድግዳ ላይ ከተተከለ ችካል እንዴት እንዳንጠለጠሉ ይገልጻል። መርሁ ግልጽ ነው፤ ወለሉ ለሰው፣ ግድግዳው ለመጽሐፍ።

ዛሬ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሳሎኑ ረዥም ግድግዳ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለቡፌና ለቴሌቪዥን ነው። ብርጭቆው በመስታወት ውስጥ ሲያበራ መጽሐፉ ከቁም ሣጥን አናት ላይ አቧራ ይጠጣል። ለመሆኑ «ቦታ የለም» የሚለው አባባል በሂሳብ ሲመረመር ምን ያህል ይጸናል? የአንድ መጽሐፍ ውፍረት በአማካይ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ሜትር 50፣ በ20 ሜትር 1000 መጻሕፍት ይቆማሉ። ባለ 3 ሜትር ርዝመትና ባለ 7 ረድፍ መደርደሪያ 21 ሜትር ይሰጣል። ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከወለሉ የሚወስደው አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። ክብደቱ ግን አይናቅም፤ እያንዳንዱ መጽሐፍ 400 ግራም ቢመዝን ጠቅላላው 4 ኩንታል ይሆናል። ስለዚህ መደርደሪያው በብሎኬት ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ሳይሆን ከወለል ተነሥቶ የሚቆም፣ እንዳይወድቅ ከግድግዳው ጋር የታሰረ፣ የክረምት እርጥበት እንዳይደርስበትም ጥቂት ጣት ያህል ከግድግዳው የራቀ ሊሆን ይገባል።

ይሁንና መጻሕፍቱ 3000 እና 4000 ለደረሱበት ሰው ሂሳብ ብቻውን አይበቃም። ሂስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እጅ በሚደርስበት ምን ይቀመጥ? ወደ ላይ ምን ይውጣ? ከቤትስ ምን ይሰናበት? በብዙ ቤት የሚታየው ምርጫ የተገላቢጦሽ ነው። ርእሱ በወርቅ ቀለም የታተመ ኢንሳይክሎፒዲያ በእንግዳ ፊት ይቆማል፤ ስስ ሽፋን ያለው የግጥም መድበል፣ በማባዣ የወጣ ተውኔትና አሮጌ መጽሔት ግን ቦታ ሲጠብ አስቀድመው ይጣላሉ። የመጀመሪያውን ዓይነት በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተውን አብርሆትን በመሰለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ፈልጎ ማግኘት ይቻል ይሆናል። ሁለተኛው ከጠፋ ላይተካ ይችላል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ሲታገድ፣ ቅጂዎቹን ያቆዩት በየቤታቸው የሸሸጓቸውና ከእጅ ወደ እጅ ያስተላለፏቸው አንባቢዎች ናቸው። ያኔ የመኖሪያ ቤት ጥግ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን ሥራ ሠርቷል።

ነገር ግን የሸሸገ ሁሉ አቆየ ማለት አይደለም። ዝርዝር የሌለው ክምችት ባለቤቱ ሲያልፍ በኪሎ ተሽጦ የበርበሬ መጠቅለያ ሲሆን ታይቷል፤ ወራሹ የያዘውን ነገር አያውቀውምና አይፈረድበትም። የመጽሐፉን ርእስ፣ የደራሲውን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና የተቀመጠበትን ረድፍ የሚይዝ አንድ ተራ ደብተር ከማንኛውም ውድ መደርደሪያ ይልቅ መጻሕፍቱን ይጠብቃል። የተደጋገመውን ቅጂ ለትምህርት ቤት መስጠት፣ ማን ምን እንደተዋሰ መመዝገብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጻሕፍቱ በኋላ የት እንደሚሄዱ በሕይወት ሳሉ መወሰን ከባለቤቱ ይጠበቃል።

የቤት ንድፍ የሚያወጡ ባለሙያዎችም ለጫማና ለብርጭቆ የሚያስቡትን ያህል ለመጽሐፍ አንድ ግድግዳ ቢያስቡ፣ መምህሩና ከያኒው የሚያነሡት የቦታ ጥያቄ በከፊል ይመለሳል። ቀሪው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ለእርሱ መልስ የሚሰጠው አንባቢው ራሱ ነው።