የእንባ ሚዛን
(ስለ አንድ የእንግሊዝ ፊልምና ስለ ተቺዎቹ)

ኀዘን የማይደርስበት ሰው የለም፤ ሆኖም በድርሰት ወይም በትርኢት ሲገለጥ እውነተኛ መልኩን የሚያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዱ ደራሲ እንባን ያበዛና ተመልካቹን ያሰለቻል፤ ሌላው የሟቹን መልክ ሲያሳምር በሕይወት የቀረውን ሰው ይረሳል። አንቶኒ ሚንጌላ ጽፎ ያዘጋጀው፥ እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. የወጣው «ትሩሊ ማድሊ ዲፕሊ» የተባለው ፊልም ከሁለቱም ስሕተት የራቀ ይመስለናል። ስሙ «በእውነት፥ በእብደት፥ በጥልቅ» ማለት ሲሆን፥ ሁለት ፍቅረኞች በቃል እየተበላለጡ ፍቅራቸውን ከሚገልጡበት ጨዋታ የተወሰደ ነው።

ኒና በለንደን የምትኖር አስተርጓሚ ናት። ቼሎ መቺው ፍቅረኛዋ ጄሚ በድንገት ሞቶባታል። እኅቷ ቼሎውን ለልጇ ብትለምናት፥ ከእርሱ የቀራት ይኸው ብቻ ነውና ክፉኛ ትቈጣለች። ከዕለታት አንድ ቀን የባኽን ዜማ በፒያኖ ስትጫወት የቼሎ ድምፅ ከኋላዋ ይቀበላታል፤ ዘወር ብትል ሙቱ ጄሚ ተመልሶ መጥቷል።

«ጎስት» የተባለው የአሜሪካ ፊልም በዚያው ዓመት ስለ ወጣ፥ ተቺዎች ሁለቱን አነጻጽረው ይህን «ለዐዋቂዎች የተሠራ ጎስት» እስከ ማለት ደርሰዋል። ከሁሉ ይልቅ የተመሰገነችው ኒናን ሆና የተጫወተችው ጁልየት ስቲቨንሰን ናት። በሐኪሟ ፊት ስታለቅስ ዐይኗም አፍንጫዋም ይፈስሳል፤ መልኳን ለማሳመር የምትሸሽገው ነገር የለም። ሚንጌላም ለድርሰቱ የብሪታንያን የፊልም አካዳሚ ሽልማት ተቀብሏል። ነገር ግን ከተቺዎቹ ከፊሎቹ፥ በእንባ የተጀመረው ታሪክ ወደ ቀልድ መዞሩን ነቅፈዋል። ጄሚ ሙታን ጓደኞቹን ሰብስቦ በቤቷ ቪዲዮ ሲያይ፥ ብርድ በረታብኝ እያለ ቤቱን ሲያግል፥ ዕቃዋን ሲያዘዋውር፥ ለእነርሱ ኀዘኑ የቀለለ መስሏቸዋል።

እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የፊልሙ ዋና አሳብ የተቀመጠው ከዚሁ ቀልድ ውስጥ ነው። ኒና ታለቅስለት የነበረው ሰው እንከን የሌለው ነበር፤ ሞት ጉድለቱን ሁሉ አጥቦለት ነበርና። ተመልሶ የመጣው ጄሚ ግን የሚያፈቅር፥ የሚነዘንዝ፥ የሚያስቈጣም ሰው ነው። ኒና በፊትም እንዲህ ነበርን ብላ መጠየቅ በጀመረች ጊዜ ከኀዘኗ እስራት መፈታት ጀመረች። ጄሚ ይህን ሁሉ ያደረገው እርሷን ነጻ ለማውጣት ይሁን አይሁን ፊልሙ በግልጥ አይናገርም፤ ሆኖም የቺሊው ባለቅኔ የፓብሎ ኔሩዳ ግጥም በሁለቱ መካከል የሚነበብበት ክፍል መልሱን ይጠቁማል። ግጥሙ የሚናገረው የሚወዱት ሰው ቢሞትም በሕይወት ስለ መቀጠል ነውና።

ነቀፌታው ከፊል እውነት እንዳለው አንክድም። ማርክ የተባለው አዲሱ ወዳጅ፥ በአንድ እግሩ እየዘለለ የሕይወት ታሪኩን ሲተርክ፥ ሥጋና ደም ካለው ሰው ይልቅ የደግነት ምሳሌ ይመስላል። ሙቱ በጉድለቱ ሕያው ሆኖ ሳለ ሕያው በጉድለት ማጣት መደብዘዙ የድርሰቱ ድካም ነው።

ይህ ሁሉ ክርክር ከአንድ ፊልም ያለፈ ነገር ያስተምረናል። እንባዋን ብቻ አድንቆ ሳቋን የሚነቅፍ ተቺ፥ ሳያውቀው የእንባን ብዛት የፍቅር ሚዛን አድርጎታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሚዛን በብዙ ኀዘንተኛ ሴት ላይ ፍርድ ሆኖ ኖሯል፤ ፈጥና ብትስቅ ፍቅሯ ሐሰት ነበር ይባልባታልና። በፊልሙ መጨረሻ ኒና ከማርክ ጋር ስትሄድ ጄሚ በመስኮት ቆሞ ይመለከታታል። በእኛ አስተያየት ይህ ክሕደት አይደለም፤ ሙቱ ራሱ ያሰናበታት ሴት ወደ ሕያዋን መመለሷ ነው።