ፊደል ቆጠራና ንባብ በአንደኛ ክፍል

በጥቅምት ወር አማርኛ በሚማሩ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ዘንድ የሚሰማው ዜማ የታወቀ ነው። መምህሩ ሰሌዳውን ይጠቁማል፤ ሕፃናቱም «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያሉ በአንድነት ይከተላሉ። ሆኖም «ሚ» ለብቻዋ ብትጠቆም ከ«መ» ጀምሮ ቆጥሮ ካልደረሰባት በቀር መለየት የሚሳነው ሕፃን ብዙ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ሲታወስ፣ ነገሩ በቸልታ የሚታለፍ አይሆንም።

ጉድለቱን በቄስ ትምህርት ላይ ማላከክ የተለመደ ቢሆንም ፍርዱ ትክክል አይደለም። የቄስ ተማሪ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየነካ ከቆጠረ በኋላ አቡጊዳ ይሰጠው ነበር። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ሲባል ቤቱም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚለዋወጥ የሀ ሁ ዜማ አያድነውም፤ ዓይኑ መሥራት ይኖርበታል። (እርግጥ አቡጊዳም ሲደጋገም ይሸመደዳል።) ዘመናዊው ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ ዜማውን ወርሶ መፈተኛውን ትቷል፤ ስንደዶውንም ከልጁ እጅ ወስዶ ለመምህሩ ብቻ ሰጥቷል።

33ቱ ቤቶች በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነዚህን ሁሉ እንደ ባዕድ አንድ በአንድ መሸምደድ ግን ግዴታ አይደለም። «ሉ፣ ሙ፣ ቡ» ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ቢታዩ የካዕብ ምልክት ከቀኝ ጎን መቀጠሉን ሕፃኑ ራሱ ይደርስበታል፤ ከሕጉ የሚወጡት «ሩ» እና «ፉ» ቆይተው ሊመጡ ይችላሉ። የ«ለ»፣ የ«መ» እና የ«በ» ቤቶች ብቻ እንኳ «ላም»፣ «ሎሚ»፣ «በላ» የሚሉትን ቃላት ያስነብባሉ፤ ይህም ገና 30 ቤቶች ሳይነኩ ነው።