ከማዕበሉ ጀርባ ያለው መንደር

በሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል የመጋለብ ስፖርት፣ ሰርፊንግ የሚባለው፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የራሱ ሲኒማ አለው። የዚህ ሲኒማ ካሜራም አንድ ጽኑ ልማድ አለው። ከጀልባ ላይ ወይም ከውኃው ውስጥ ሆኖ ማዕበሉን ያሳድዳል፤ የብስ ብቅ ካለም ከአንድ አረንጓዴ የኮኮናት ዛፍ መስመር አልፎ አይታይም። ከዛፎቹ ጀርባ መንደር መኖሩን፣ በመንደሩም ውስጥ በወባ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን መኖሩን ተመልካቹ አያውቅም። ይህን ልማድ ሰብሮ ወደ መንደሩ የዘለቀ አንድ ታሪክ አለ ይባላል። እርሱም የኒውዚላንዱ ሐኪም የዶክተር ዴቭ ጄንኪንስና የመሠረቱት ሰርፍኤይድ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ታሪክ ነው። ታሪኩ በማዕበል ጋላቢዎች መጽሔቶች ላይ ደጋግሞ ተተርኳል፤ ድርጅቱም በ2007 ዓለም አቀፍ የሰብአዊነት ሽልማት አግኝቶበታል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው ምስጋና ይገባዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ታሪኩ በሚነገርበት መንገድ ላይ ነው። ልማዱ በእውነት ተሰብሯል ወይስ ካሜራው ጥቂት ብቻ ዞሯል?

የዚህ ዓይነቱ ሲኒማ አባት ተደርጎ የሚቆጠረው በ1966 ለሰፊው ተመልካች የቀረበው የብሩስ ብራውን «ዘ ኤንድለስ ሰመር» ነው፤ ማብቂያ የሌለው በጋ እንደ ማለት ነው። ሁለት የካሊፎርኒያ ወጣቶች፣ ማይክ ሂንሰንና ሮበርት ኦገስት፣ በጋን እየተከተሉ ዓለምን ይዞራሉ፤ በመንገዳቸውም ሴኔጋልን፣ ጋናን፣ ናይጄሪያንና ደቡብ አፍሪካን ይረግጣሉ። ፊልሙ ቀልደኛ ነው፤ ውበትም አይጎድለውም። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ሴንት ፍራንሲስ የተቀረጸው ማዕበል ዛሬም ዓይን ይይዛል። ነገር ግን በጋና የባሕር ዳርቻ የተሰበሰበውን ሕዝብ ተራኪው የሚያቀርበው ለመጀመሪያ ጊዜ ተአምር እንዳየ ሕዝብ አድርጎ ነው። አንድ ብሪታንያዊ ተጓዥ ግን ከዚያ 130 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1830ዎቹ፣ የአክራ ልጆች ቀላል ሳንቃ በሆዳቸው ሥር አድርገው ከማዕበሉ ጋር ወደ ዳር ሲከንፉ ማየቱን ጽፎ ነበር። እንግዲህ ጋናውያኑ ያዩት የአያቶቻቸውን ጨዋታ ነው፤ አዲሱ ነገር የሰሌዳው ርዝመት ብቻ ነበር። ፊልሙ ይህን ባያውቅ ላይፈረድበት ይችላል። አለመጠየቁ ግን ከእርሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ ውርስ ሆኖ ቀረ።

ውርሱ በ1990ዎቹ ወደ ሜንታዋይ ተሻገረ። ሜንታዋይ ከሱማትራ ምዕራባዊ ጠረፍ ባሻገር በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተዘረጉ ደሴቶች ናቸው፤ ከመካከላቸው ታላላቆቹ አራቱ ሲቤሩት፣ ሲፖራ፣ ሰሜን ፓጋይና ደቡብ ፓጋይ ይባላሉ። ማዕበል ጋላቢዎች ስፍራውን እንዳገኙ ለየማዕበሉ ስም አወጡለት፤ ማካሮኒስ፣ ቴሌስኮፕስ፣ ራይፍልስ። አንዱ በ1991 በደረሰበት በአውስትራሊያዊው ላንስ ስም ተጠመቀ። ቪክቶሪያ በተባለ ሐይቅ ዙሪያ ለሚኖር አንባቢ ይህ ዓይነቱ ጥምቀት እንግዳ አይሆንበትም። የደሴቶቹ ሰዎች ግን ስምም ታሪክም ነበራቸው። ኡማ በሚባሉ ረጃጅም የጎሣ ቤቶች ይኖሩ ነበር፤ ሲኬሬይ የሚባሉ ፈዋሾች በሽተኛውን ከነፍሱ ጋር ያስታርቁ ነበር። በ1954 የኢንዶኔዥያ መንግሥት ነባሩን እምነታቸውን ከልክሎ ከታወቁት ሃይማኖቶች አንዱን እንዲይዙ አስገደዳቸው። በመዝናኛ ጀልባ የደረሰው ጎብኚ እንግዲህ ያገኘው ከውጭ በመጣ ትእዛዝ አንድ ጊዜ የተገለበጠ ሕዝብ ነበር። ይህ በፊልሞቹ ውስጥ የለም።

የሐኪሙ ታሪክ የሚጀምረው በዚህ ሥፍራ ነው። ዶክተር ጄንኪንስ በ1999 ማዕበል ሊጋልቡ በጀልባ ወደ ሜንታዋይ ሄዱ። አንድ ቀን ከጀልባው ወርደው መንደር ገቡ፤ በወባና በቀላሉ ሊገቱ በሚችሉ ሌሎች በሽታዎች የሚሠቃዩና የሚሞቱ ሴቶችና ሕፃናት አገኙ። ከባሕሩ ላይ ሲታይ ገነት የሚመስለው ሥፍራ የመቃብር ሥፍራ ሆኖ ታያቸው። በተመለሱ በዓመቱ፣ በ2000፣ ሰርፍኤይድን መሠረቱ።

ታሪኩ ኃይል አለው። ኃይሉም ከእውነትነቱ ብቻ ሳይሆን ከቅርጹም የመነጨ ነው። አንድ ሰው ለደስታ ይሄዳል፣ ሥቃይ ያያል፣ ይለወጣል። የቅዱሳን ገድል የሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ቅርጹን ወዲያው ይለየዋል፤ ለአደን ወጥቶ ራእይ አይቶ የተመለሰው ሰው ታሪክ ነው። በገድል ውስጥ ግን ራእዩን ያየው ሰው ዓለማዊ ክብሩን ጥሎ ይመንናል። በማዕበል ጋላቢዎች መጽሔት ውስጥ ደግሞ ክብሩ ይጨምራል። ድክመቱ ከዚህ ይመጣል፤ መንደሩ በታሪኩ ውስጥ መኖር የሚጀምረው ሐኪሙ ባዩት ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ለሞቱት ልጆች ያለቀሱት እናቶች በታሪኩ ውስጥ ድምፅ የላቸውም፤ የተለወጠው ሰው ይናገራል፣ እነርሱ ይታከማሉ። ይህ የአንድ ሐኪም ጥፋት አይደለም። ገንዘብ የሚሰጠው አንባቢ በካሊፎርኒያና በሲድኒ ያለው ማዕበል ጋላቢ ነውና ታሪኩ የእርሱን መልክ ይዞ እንዲወጣ ተገዷል። ራሱን በመስተዋት ያየ ሰው ኪሱን ይፈታል።

ሥራው ግን ከታሪኩ የበለጠ ብልህ ነው። ድርጅቱ የጀመረው በወባ መከላከያ አጎበር ነበር። አጎበር ማደል ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ከታደለ በኋላ ያለው ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በኬንያ በኩል ያሉ ዓሣ አጥማጆች የተሰጣቸውን አጎበር ዓሣ ማድረቂያና ማጥመጃ ሲያደርጉት ተመዝግቧል፤ ለረሃብ የቀረበው ነገር ከትንኝ ይልቅ ያሳስባልና ሊፈረድባቸው አይገባም። ስለዚህ አጎበሩ ከማስተማር፣ ከቤት ለቤት ክትትልና ከእናቶች ጋር ከሚደረግ ረጅም ውይይት ጋር ካልሄደ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። የሰርፍኤይድ ሥራ ቀስ በቀስ ወደዚሁ፣ ወደ እናቶችና ሕፃናት ጤና፣ ወደ ምግብ፣ ወደ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ዞረ። በኢንዶኔዥያ ፖስያንዱ የሚባል ነገር አለ። በወር አንድ ቀን የመንደሩ በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ሕፃናትን ይመዝናሉ፣ ክብደታቸውን በካርድ ላይ ያሰፍራሉ፣ ክትባትና ምክር ይሰጥበታል። የኢትዮጵያን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚያውቅ አንባቢ የሥራውን ጠባይ አይስተውም፤ ልዩነቱ የኢትዮጵያዎቹ ደመወዝተኞች መሆናቸው ነው። ከውጭ የመጣ ድርጅት መልካም ሥራ የሚሠራው ይህን ነባር ተቋም ሲያጠነክር ነው። ሚዛኑን በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የምታንጠለጥለው ሴት ግን በሰርፊንግ ፊልም ውስጥ ዋና ባለታሪክ ሆና አታውቅም። ማዕበል አትጋልብማ።

ከጤናው ይልቅ የታሪኩን ድክመት ገልጦ ያወጣው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ደረሰ፤ በሦስት ወሩ፣ መጋቢት 28 ቀን 2005፣ መጠኑ 8.6 የሆነ ሌላ መንቀጥቀጥ የኒያስን ደሴት አፈረሰ። በማዕበል ጋላቢዎች ጀልባ ደሴት ለደሴት መዘዋወር የለመዱ ሰዎች መድኃኒትና ምግብ ለማድረስ ከሌላው ቀድመው ተገኙ። ከዚህ በኋላ ድርጅቱ ለመንደሮች የአደጋ ዝግጁነት ማስተማርን ከሥራው አንዱ አደረገ። የትኛው ኮረብታ ቅርብ ነው? ሽማግሌዎችን ማን ይሸከማል? መንገዱ በሌሊት ይታያል? ጥያቄዎቹ ተራ ይመስላሉ፤ የሰው ሕይወት ግን የሚንጠለጠለው በእነርሱ ነው።

ጥቅምት 25 ቀን 2010 ሌሊት ሜንታዋይ ተፈተነች። ከፓጋይ ደሴቶች ባሻገር ከባሕሩ በታች መጠኑ 7.7 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ተነሣ። ሳይንቲስቶች ዘገምተኛ የሚሉት ዓይነት ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ይወዛወዛል እንጂ አይደበድብም። ብዙዎች ከእንቅልፋቸው ቢነቁም አልደነገጡም። በ2007 ከዚህ እጅግ የበረታ መንቀጥቀጥ ደርሶ የፈሩትን ያህል ማዕበል አልተከተለውም ነበር፤ ያ ልምድ በዚህች ሌሊት መጥፎ አስተማሪ ሆነ። ውኃው በደቂቃዎች ውስጥ ደረሰ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከባሕር ወሽመጡ ውስጥ መልሕቅ ከጣሉት የማዕበል ጋላቢ ጀልባዎች አንዱ ከሌላው ጋር ተጋጭቶ ተቃጠለ፤ የተሳፈሩበት ሁሉ ግን ተረፉ። በማግሥቱ በውጭ ጋዜጦች ላይ ቀድሞ የተነበበው የእነርሱ ማምለጥ ነበር።

በዚህ ላይ ያለ ርኅራኄ መናገር ያስፈልጋል። ሰርፍኤይድ በደሴቶቹ አሥር ዓመት ሠርቶ ነበር፤ መንግሥትም የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ነበረው፤ ማስጠንቀቂያው ወጥቶ የማዕበሉ ዜና ሳይሰማ ተሰርዞ ነበር። ማንም ብቻውን አልተሳሳተም፤ «ሲበረታ ሩጡ» የሚለው ትምህርት ግን ለዚህች ሌሊት አልበቃም። «ሲረዝምም ሩጡ» ማለት ነበረበት። በጎ አድራጎት ስለ ራሱ የሚጽፈው ታሪክ ለእንዲህ ያለው ምዕራፍ ቦታ የለውም፤ ከመለወጥ ወደ መርዳት፣ ከመርዳት ወደ ሽልማት ያልፋል። ያልተሳካው ነገር ካልተነገረ ግን የሚቀጥለው መንደር ምን ይማራል? የዛጎል ድንጋይ ዕድገት ያነበቡ ተመራማሪዎች በ1797ና በ1833 በዚህ ሥፍራ ታላላቅ መንቀጥቀጦች እንደ ደረሱ አረጋግጠዋል። በሲቤሩት በኩል ያለው የምድር ቅርፊት ዛሬም ውጥረቱን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

የተሻለ ታሪክ የሚገኘው ከዚያው የደሴቶች ሰንሰለት፣ ከኒያስ በስተ ሰሜን ከምትገኘው ከሲሙሉዌ ነው። በ1907 ሱናሚ የሲሙሉዌን ሕዝብ ፈጀ። የተረፉት ነገሩን «ስሞንግ» ብለው ሰየሙት፤ ናንዶንግ በሚባለው ዜማቸውና በአያቶች ተረት አድርገውም ለልጆች አስተላለፉት። ምድር ተንቀጥቅጣ ባሕሩ ወደ ኋላ ከሸሸ ወደ ኮረብታ ሩጥ፤ መልእክቱ ይህ ነው። ደሴቷ በ2004 ከመንቀጥቀጡ መነሻ አጠገብ ነበረች፤ 78,000 ገደማ ሕዝብ ነበራት። የሞቱት ሰባት ሰዎች ናቸው። ላንጊ በተባለችው መንደር ውኃው በስምንት ደቂቃ ገደማ ሲደርስ ሰው ሁሉ ኮረብታ ላይ ነበር። ሳይረንም ተንቀሳቃሽ ስልክም አላዳናቸውም። ያዳናቸው 97 ዓመት የቆየ ሥነ ቃል ነው።

እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ ሲመዘን ስሞንግ ሰርፊንግ ሲኒማ ያላደረገውን አድርጓል። የተረፈው ሰው የሚናገረው ስለ ራሱ መትረፍ ሳይሆን ስለሚሰማው ልጅ መትረፍ ነው፤ የደራሲ ስም አይጠራበትም፤ አፈ ቀላጤ አይሻም። የሐኪሙ ታሪክ ሩቅ ያለውን ለጋስ ይቀሰቅሳል፤ ስሞንግ አጠገብ ያለውን እግር ያስነሣል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ ማለት ይቻል ይሆናል፤ ገንዘብ ከሌለ አጎበር የለምና። ሆኖም የመንደር ዝግጁነት ትምህርት የሚሰጥ ድርጅት ዋና ተግባሩ የሚመስለው እንዲህ ያለ ዜማ በሜንታዋይ ቋንቋ፣ በሜንታዋይ ሰዎች አፍ እንዲወለድ ቦታ መልቀቅ ነው። በራሪ ወረቀትና የሥልጠና መመሪያ የፕሮጀክቱ በጀት ሲያልቅ አብረው ያልቃሉ።

ጉዳዩ ለዚህ አካባቢ አንባቢ የሩቅ አገር ወግ እንዳይመስል አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። ያው የ2004 ማዕበል ውቅያኖሱን አቋርጦ አፍሪካ ቀንድ ደርሷል። ወደ ሶማሊያ ጠረፍ ለመድረስ ሰባት ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል፤ በዚያም 300 ያህል ሰዎችን ገድሏል፤ አብዛኞቹም በሐፉን ልሳነ ምድር ነበሩ። ሲሙሉዌ የነበራት ስምንት ደቂቃ ነው፤ ሐፉን የነበራት ሰባት ሰዓት። በኬንያ ዜናው ቀድሞ በመሰማቱ ሰዎች ከባሕር ዳርቻ እንዲወጡ ተደረገ፤ የሞተው አንድ ሰው ነው። ለሐፉን ዓሣ አጥማጆች ግን ዜናውን ያደረሰላቸው አልነበረም፤ እንደ ስሞንግ ያለ ዜማም አልነበራቸውም።