አራት መካከለኛ ወይስ ሁለት ምርጥ?

የሰንሃይዘርን ኤችዲ 600 ማዳመጫ ለመፈታታት ብሎን መፍቻ አያስፈልግም። ከፋይ የለበሰውን የጆሮ ትራስ በጣት ይዞ ሳብ ማድረግ ብቻ ነው፤ በትናንሽ ጥርሶች የተያዘው ትራስ ቀጭ ቀጭ እያለ ይላቀቃል። ከሥሩ አቧራና ፀጉር እንዳይገባ የተቀመጠች ስስ ክብ ስፖንጅ አለች። እሷ ስትነሳ ድምፁን የሚያወጣው ክፍል ይታያል። እሱም ቢሆን በማጣበቂያ የተለጠፈ ሳይሆን ቦታው ላይ ተጭኖ የገባ ነው። በውጭ በኩል ያለው የብረት ወንፊትም እንዲሁ ይወጣል። ገመዱ ከግራም ከቀኝም ይነቀላል፤ ጫፉ ላይ ካሉት ሁለት እግሮች አንደኛው ወፈር ያለ ስለሆነ ገልብጦ መሰካት አይቻልም። ይህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ መልሶ መግጠም ለለመደ ሰው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ኤችዲ 600 ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ ወዲህ መልኩ እዚህም እዚያም ቢነካካም አሠራሩ አልተለወጠም። ትራሱም፣ ገመዱም፣ አናት ላይ የሚያርፈው ስፖንጅም ዛሬ ድረስ ለየብቻቸው ይሸጣሉ። የነደፉት መሐንዲሶች ዕቃው እንደሚያረጅ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚያረጀውን ክፍል ለይተው፣ የቀረው አብሮት እንዳይሞት አድርገው ሠሩት። እኔ ጥሩ የእጅ ሥራ ብዬ የማከብረው ይህን ዓይነቱን አርቆ ማሰብ ነው።

ይህን ያነሣሁት ሙዚቃ ወዳዶች ደጋግመው ስለሚያነሱት ጥያቄ ለመናገር ነው። ሰውየው ቤቱ ውስጥ አራት መካከለኛ ማዳመጫዎች አሉት። አንዱን ለባሱ ሲል ገዛው፣ አንዱን ለድምፃውያን፣ አንዱን ለመንገድ፣ አራተኛውን ደግሞ ቅናሽ ስላገኘ። ዋጋቸው ሲደመር የአንድ ምርጥ ማዳመጫ ዋጋ ይጠጋል። ታዲያ አራቱን ሽጦ አንድ ወይም ሁለት እውነተኛ ምርጥ ቢይዝ አይሻልም? የኔ መልስ፣ አብዛኛውን ጊዜ አዎ ይሻላል የሚል ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ብዙ ሰው የሚያስበው አይደለም።

ብዙ ሰው ውድ ማዳመጫ የድምፅ ሚዛኑ የተስተካከለ ይሆናል ብሎ ያምናል። ባሱ ልክ፣ መካከለኛው ልክ፣ ቀጭኑ ድምፅ ልክ። ጄሮን ብሬባርት የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት 283 ማዳመጫዎችን ለክተው በዋጋና በድምፅ ሚዛን መካከል ግንኙነት አላገኙም። ርካሽ ሆኖ ሚዛኑ የተዋጣለት አለ፤ እጅግ ውድ ሆኖ ሚዛኑ የተዛባም አለ። ስለዚህ የድምፁ ሚዛን ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ ይገኛል፤ አራቱንም መሸጥ አያስፈልግም።

ታዲያ ተጨማሪው ገንዘብ የት ይሄዳል? በአብዛኞቹ ማዳመጫዎች ውስጥ ዳያፍራም የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ከጀርባው የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ተጣብቆበታል፣ ሽቦው ደግሞ በማግኔት መካከል ተንጠልጥሏል። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲመላለስ ሽፋኑ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፣ አየሩን ይገፋል፤ ድምፅ የምንለው ይኸው ነው። ሽፋኑ የሚጠየቀው ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን ነው። ቶሎ ተነስቶ ቶሎ እንዲቆም ቀላል መሆን አለበት፤ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ሲንቀሳቀስ ራሱ እንዳይተጣጠፍ ደግሞ ግትር መሆን አለበት። መካከለኛው ማዳመጫ ብዙውን ጊዜ ስስ ፕላስቲክ ይጠቀማል፤ ቀላል ነው፣ ግን በቀጭኑ ድምፅ ላይ በራሱ መንገድ መርገብገብ ይጀምራል። ዋና ዋናዎቹ ባለሙያዎች ሁሉ የሚታገሉት ከዚህ ችግር ጋር ነው። የጥበባቸው ልዩነት የሚታየውም በመፍትሔያቸው ነው።

የፈረንሳዩ ፎካል እ.ኤ.አ. በ2016 ዩቶፒያ የተባለውን ማዳመጫ ሲያወጣ ሽፋኑን ከቤሪሊየም ሠራው። ቤሪሊየም ከአሉሚኒየም የቀለለ፣ በግትርነቱ ግን ብረትን የሚበልጥ ንጥረ ነገር ነው። ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ ሲሠራ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽፋኑ 40 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ከጎን ተቆርጦ ቢታይ የላቲኑን ኤም ፊደል ይመስላል። ይህ ቅርጽ ስሱን ብረት ይበልጥ ግትር ያደርገዋል። ማዳመጫው ሲወጣ ዋጋው 4,000 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ የተወሰነው ለካርቦን ፋይበሩና ለበግ ሌጦው ትራስ ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ማንም ዓይኑን የማይጥልበት ያ ስስ ብረት ነው።

ሰንሃይዘር በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ኤችዲ 800 ውስጥ ያለው ሽፋን 56 ሚሊሜትር ነው፤ ለማዳመጫ ትልቅ የሚባል መጠን ነው። ትልቅ ሽፋን መሐሉ ላይ ይለግማል፤ ስለዚህ መሐሉን አስወግደው እንደ ቀለበት ሠሩት። ቀለበቱ ከውጭም ከውስጥም ተይዟል፤ የሚንቀሳቀሰው በሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ ሰቅ ብቻ ነው። ድምፅ አውጪው ክፍል ከጆሮው ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ፊት ሸሸት ብሎ ዘንበል ያለ ስለሆነ ድምፁ ከክፍሉ ፊት ለፊት የሚመጣ ይመስላል።

ይህ ማዳመጫ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። 6,000 ኸርዝ አካባቢ ድምፁ ጎልቶ ይወጣል፤ የዘፋኙ «ስ» እና «ሽ» ይወጋሉ፣ የከበሮው ጸናጽል ጆሮ ይቆርጣል። ባለቤቶቹ ውስጡን ከፍተው ስፖንጅና ጨርቅ እየለጠፉ ሊያለዝቡት ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኤችዲ 800 ኤስ መፍትሔውን ይዞ መጣ። ባዶ በነበረው የቀለበቱ መሐል ላይ የሚጎላውን ድምፅ ብቻ የሚውጥ ትንሽ ክፍል ተቀመጠ። ድምፁን በሙሉ በጨርቅ ማፈን ቀላል ነበር፤ አንዱን ጫፍ ብቻ ለይቶ፣ የቀረውን ሳይነኩ መያዝ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ከውጭ የሚታይ ነገር የለውም፤ የሚሰማ ግን ነው።

ጃፓናዊው ስታክስ ደግሞ ሽቦውን ከሽፋኑ ላይ ጭራሽ አነሣው። እ.ኤ.አ. በ1960 የሠራው ኤስአር-1 በዓለም የመጀመሪያው ኤሌክትሮስታቲክ ማዳመጫ ነው። እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ቀዳዳ ባላቸው ሁለት የብረት ሳህኖች መካከል ተወጥሮ በኤሌክትሪክ መስክ ይንቀሳቀሳል። የዛሬዎቹ የስታክስ ማዳመጫዎች 580 ቮልት ስለሚፈልጉ ለእነሱ ብቻ ከተሠራ አምፕሊፋየር ጋር እንጂ አይሠሩም።

ይህ ሁሉ ጥበብ ጆሮ ላይ ምን ያደርጋል? እኔ ማዳመጫ የምፈትነው በበገና ነው። የበገና ድምፅ የሚነዝረው ጅማቶቹ በሚያርፉበት በርኩማና በየጅማቱ መካከል በሚገቡት ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ በእንዚራዎቹ ምክንያት ነው። ደርዳሪው እንዚራውን በጣት እየገፋ የንዝረቱን ልክ ይፈልጋል፤ ትንሽ ከሳተ ጅማቱ ይደነዝዛል ወይም ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ በአንድ ድምፅ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፤ የጣቱ ንክኪ፣ የጅማቱ ዜማ፣ የቆዳው ንዝረት። ዓለሙ አጋ በ«ኢትዮፒክ» ተከታታይ 11ኛ ቅጽ ላይ የደረደሩትን በተራ ማዳመጫ ስሰማ ሦስቱ ተቀላቅለው አንድ ጥቅል ጉምጉምታ ይሆኑብኛል። በኤችዲ 600 ስሰማ ጣቱ ቀድሞ፣ ዜማው ተከትሎ፣ ንዝረቱ ከሁሉም በኋላ ቀስ እያለ ሲሞት እለያለሁ። በኤችዲ 800 ኤስ ስሰማ በዚያ ላይ የተቀረጸበት ክፍል አየር ይጨመራል፤ ድምፃቸውና በገናው እያንዳንዳቸው ቦታ ይይዛሉ።

ከተራው ወደ ኤችዲ 600 ያለው እርምጃ ትልቅ ነው። ከኤችዲ 600 ወደ ኤችዲ 800 ኤስ ያለውም እውነተኛ ነው፣ ግን ያነሰ ነው፤ ዋጋው ደግሞ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ውሳኔው ያለው እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ምርጥ ማዳመጫ ያልተቀረጸውን አይጨምርም። አመሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በጀመሩት አመሐ ሪከርድስ የወጡትን የአዲስ አበባ ሸክላዎች የሚወድ ሰው በውድ ማዳመጫ የጥሩምባዎቹን ውበት ይሰማል፤ የሸክላውን ጭርጭርታና የቀረጻውን ጥበትም አብሮ ይሰማል። አብዛኛው የምትሰማው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ከሆነ፣ ወይም ከስልክ ላይ በተጨመቀ ፋይል የምታዳምጥ ከሆነ፣ ከፍተኛው እርከን የሚሰጥህ ጥቂት ነው።

የሚሸሸግ ወጪም አለ። ኤችዲ 600ም ኤችዲ 800 ኤስም ለኤሌክትሪክ ያላቸው ተቃውሞ (ኢምፒዳንስ) 300 ኦም ነው፤ ብዙ ስልኮች ለእነሱ የሚበቃ ቮልቴጅ አይሰጡም፣ ስለዚህ አምፕሊፋየር ያስፈልጋል። ሁለቱም ጀርባቸው ክፍት ነው፤ የምትሰማውን ሁሉ አጠገብህ ያለው ሰው ይሰማዋል፣ የቤቱ ጫጫታም ወዳንተ ይገባል። አራቱን ሁሉ ሽጦ አንድ ክፍት ማዳመጫ ብቻ የገዛ ሰው ልጆች በሚጫወቱበት ቤት ውስጥ ወይም አውቶቡስ ላይ ከሁለት ያጣ ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ አንድ ክፍት፣ አንድ ዝግ።

ዝጉ ውድ መሆን የለበትም። በጀርመን ሃይልብሮን ከተማ ሲሠራ የቆየው የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ስቱዲዮ ውስጥ ሲሠራበት የኖረ ነው። ትራሱ ይቀየራል፣ መለዋወጫው ይገኛል። አንድ ጉድለት ነበረው፤ ለረጅም ዘመን ገመዱ አይነቀልም ነበር፣ ሲበጠስ ብየዳ ይጠይቃል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ባወጣው ዲቲ 770 ላይ ገመዱን የሚነቀል አደረገው። ጥሩ ባለሙያ ዘግይቶም ቢሆን የሥራውን ጉድለት ያርማል።

ለመወሰን የምትፈልጉ ማዳመጫዎቹን ጎን ለጎን አድርጉና የምታውቁትን አንድ ሙዚቃ በሁሉም ስሙ። ድምፃቸውን መጀመሪያ እኩል አድርጉ፤ በጥቂቱ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ የሚያሰማችሁን ሌላው ምንም ሳይጨምር የሚደግመው ከሆነ፣ ሁለቱ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ይሸጥ። ሰው ሠራሽ ቆዳ የለበሱትን አስቀድሙ፤ ያ ቆዳ በላብና በእርጥበት መላጡ አይቀርም፣ ከተላጠ በኋላ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። በመንገድ የምትይዙትን አትሽጡ፤ በመኖሩ ውዱን ከመንገድ ይጠብቀዋል።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስም ያላቸው ማዳመጫዎች ፎርጅዳቸው ብዙ ነው፣ ኦርጅናል ትራስና ገመድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ነው። ማዳመጫውን የሚያመጣላችሁ ሰው አንድ ጥንድ ተጨማሪ ትራስ አብሮ እንዲያመጣ ንገሩት። ያ ትንሽ ጥቅል የዕቃውን ዕድሜ በዓመታት ያስረዝመዋል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። አራት ተመሳሳይ መካከለኛ ማዳመጫ ያለው ሰው ሁለት ቢይዝ ይሻለዋል፤ አንዱ ዝግና ጠንካራ፣ ሌላው ክፍት ሆኖ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ምርጥ። ከአምፕሊፋየሩ ጋር ደምሮ ሳይበደር የሚችል ከሆነ ኤችዲ 800 ኤስን ወይም ዩቶፒያን ይግዛ፤ የተደከመበት ሥራ ነው፣ ያስደስተዋል። ካልቻለ ኤችዲ 600 ይበቃዋል፤ ይህን የምለው ለማጽናናት ሳይሆን ስለማምንበት ነው። የትኛውንም ሲገዛ ግን ሻጩን ስለድምፁ ከመጠየቁ በፊት ትራሱና ገመዱ ለብቻቸው ይገኙ እንደሆነ ይጠይቅ። መልሱ አይገኙም ከሆነ አይግዛ።